የጋፒ ጫጩት አስተዳደግ በመኖሪያ ቤት

ጋፒ መነሻው የትሪኒዳድ ደሴትና የሰሜን ምሥራቅ ደቡብ አሜሪካ ወንዞች የሆነ፣ ዛሬ ግን በብዛት ከቴሌቪዥን አጠገብ የሚገኝ ትንሽ ዓሣ ነው። ሳይንሳዊ መግለጫውን እ.ኤ.አ. በ1859 የጻፈው ጀርመናዊው ቪልሄልም ፔተርስ ነው። በገበያ የሚጠራው ግን ናሙናውን ከትሪኒዳድ ወደ ለንደን በላከው በሮበርት ጋፒ ስም ነው።

ጋፒ እንቁላል አይጥልም፤ ይወልዳል። እርግዝናው ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ይፈጃል። ሴቷ የወንዱን ዘር በሆዷ አቆይታ ለወራት ደጋግማ መውለድ ስለምትችል፣ ብቻዋን ተገዝታ የገባች ጋፒ ስትወልድ ሻጩ በከንቱ ይታማል። ሆዷ ከጎን ሲታይ ማዕዘን ማውጣቱና ከጅራቷ ወገን ያለው ጥቁር ነጥብ መስፋቱ መውለጃዋ መቃረቡን ያመለክታሉ። በዚህ ጊዜ የቤቱ አዋቂዎች «ዛሬ ማታ ነው» ይላሉ፤ ይህንኑም ለአንድ ሳምንት በየማታው ይደግሙታል።

የጫጩቱ የመጀመሪያ ጠላት እናቱ ናት። የጣና ቆሮሶ ልጆቿን በአፏ ይዛ፣ እህል ሳትቀምስ ታሳድጋለች። የጋፒ እናትም ልጇን አፏ ውስጥ ታስገባለች፤ ልዩነቱ የቆሮሶ ልጆች ተመልሰው መውጣታቸው ነው። አባትየውም በዚህ ከእናት አያንስም፤ በሌላው አስተዳደግ ግን ድርሻ የለውም። ስለዚህ ደቃቅ ቅጠል ያለው ተክል በገንዳው ይሞላል፤ ወይም ጫጩቶቹ ወደ ሌላ ገንዳ ይዛወራሉ። ማጣሪያው ስፖንጅ የለበሰ ይሁን፤ ካልሆነ ከእናቱ ያመለጠውን እሱ ይስበዋል።

ውኃው ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሆን አለበት። በአዲስ አበባ የኅዳር ሌሊት ይህ ያለ ማሞቂያ አይገኝም። መብራት ሲጠፋ ገንዳውን በጋቢ መጠቅለል ሙቀቱን ለጥቂት ሰዓት ያቆያል። የማን ጋቢ ይሁን የሚለው ጥያቄ ግን በየቤቱ ገና አልተቋጨም።

ሁለተኛው ጠላት ደግነት ነው፤ እሱም ብዙ ጫጩት ይፈጃል። ጫጩት በቀን ከሦስት እስከ አምስት ጊዜ፣ በጣም በጥቂቱ ይመገባል። የዱቄት መኖ፣ የመርፌ ራስ የምታህል የተቀቀለ እንቁላል አስኳል፣ ወይም በጨው ውኃ ውስጥ በአንድ ቀን ተኩል ገደማ የሚፈለፈል አርቴሚያ የሚባል ደቃቅ እንስሳ ይበቃዋል። ይሁን እንጂ ጋፒ ሰው ባየ ቁጥር ወደ መስተዋቱ ይመጣል፤ ይህ ደግሞ በሐበሻ ቤት አንድ ትርጉም ብቻ አለው። እናት ጠዋት ታበላለች፤ ሠራተኛዋ እናት የረሳች መስሏት ትደግማለች፤ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ይሠልሳሉ፤ እንግዳ «እንዴ፣ እነዚህ ከሱ እኮ!» ብሎ ከገበታው ቆርሶ ይጥላል። ቁራሽ እንጀራው ዓይኑን ወደ ላይ አድርጎ ጥቂት ይንሳፈፋል፣ ይርሳል፣ ጠጠሩ ላይ ያርፋል፣ ውሎ ሲያድርም ነጭ ሻጋታ ያወጣል። የበሰበሰው ምግብ ወደ አሞኒያ ይለወጣል። አሞኒያን ወደ ናይትሬት የሚያደርሱት ባክቴሪያዎች በአዲስ ገንዳ ለመደራጀት ሳምንታት ይወስድባቸዋል፤ ጉርሻ ግን ቀን አይቆጥርም።

መድኃኒቱ በየሳምንቱ ሩቡን ውኃ መቀየር ነው። የቧንቧ ውኃ ክሎሪኑ እንዲወጣ በባልዲ ክፍት ሆኖ አንድ ቀን ያድራል። ባልዲው ላይ ማስጠንቀቂያ ካልተጻፈ ወለል ይወለወልበታል።

በወሩ ገደማ ወንዶቹ ቀለም ያወጣሉ፤ የሥር ክንፋቸውም ቀጥኖ እንጨት ይመስላል። ሁለተኛው ወር ሳይሞላ ከሴቶቹ መለየት አለባቸው። ያልተለዩበት ቤት በአጭር ጊዜ ከገንዳው አቅም በላይ ዓሣ ይኖረዋል። ትርፉን ወንዝ ውስጥ መልቀቅ አይገባም፤ ጋፒ የወባ ትንኝ እጭ ይበላል ተብሎ በተለቀቀባቸው አንዳንድ አገሮች የአገሬውን ዓሣ ጎድቷል። የቀረው መንገድ በፌስታል ውኃ አድርጎ ለጎረቤት ማዳረስ ነው። ጎረቤትም በሁለት ወር ውስጥ ፌስታሉን ይመልሳል፤ የሰው ዕቃ ባዶውን ስለማይመለስም ሃያ ያህል ጫጩት ይጨምርበታል።