ለልቤ ቆጣሪ ሳስገባ

ሰው ሁሉ «ልቤን ሀገር ቤት ጥዬ ነው የመጣሁት» በሚልበት በሳውዲ አረቢያዋ አል ኹበር፣ አል-ጀኑቢያ ሰፈር፣ የልብ ምት መቁጠሪያ እገዛለሁ ብሎ መነሳት ድፍረት ይጠይቃል። አብረውኝ የሚኖሩት ልጆች ነገሩን ሲሰሙ መጀመሪያ ሳቁ፤ ቀጥለው ሁሉም ባለሙያ ሆኑ። አንዱ «አፕል ዎች ግዛ፤ ፎቶ ላይ ያምራል» አለኝ። ሌላው ሁዋዌን መረጠልኝ፤ ባትሪው ይቆያል አሉ። ሦስተኛው «ለሱ የምታወጣውን ሪያል ለእኔ ስጠኝና ማታ ማታ እጅህን ይዤ እቆጥርልሃለሁ» ብሎ ተመቻችቶ ተቀመጠ። ልብ በሉ፣ ስለ ልብ ያነሳ አንድም ሰው የለም።

ጣጣው የመጣው ከሆድ ነው። ደማም ውስጥ የመኪና መለዋወጫ መጋዘን፣ ኤሲ ሥር ተቀምጦ ካርቶን እየመዘገቡ፣ ምሳ ከብሳ (ሩዝ በሥጋ)፣ እራትም ከብሳ ሲሆን ሸሚዝ ቁልፍ ላይ ያኮርፋል። ስለዚህ ማታ ማታ ኮርኒሹ፣ ማለትም የባሕሩ ዳር መንገድ ላይ፣ ሶምሶማ ጀመርኩ። ደብረ ብርሃን ላይ፣ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተሯሩጦ ያደገ ሰው፣ ባሕር ጠርዝ ወርዶ ኦክስጅን እንደ ልቡ ሲያገኝ መብረር ነበረበት። አል ኹበር ግን በአንድ እጇ የሰጠችውን በሌላው ትቀበላለች። እዚሁ ከጎናችን፣ ዳህራን ላይ፣ እ.ኤ.አ. ጁላይ 8 ቀን 2003 ሙቀቱ 42፣ የጤዛ ነጥቡ ደግሞ 35 ዲግሪ ሆኖ ተመዝግቧል፤ በዓለም እስካሁን ከተመዘገበው የጤዛ ነጥብ ከፍተኛው እሱ ነው ይባላል። የጤዛ ነጥብ ማለት አየሩ የተሸከመው እርጥበት ውሃ መሆን የሚጀምርበት ሙቀት ነው። ያ ቁጥር የቆዳችንን ሙቀት ሲስተካከል ላብ መትነኑን ይተዋል፤ ይንቆረቆራል እንጂ አያበርድም።

ልብ ታዲያ ሥራ ይደረብበታል። ለእግር ደም ይልካል፤ ገላን ለማቀዝቀዝ ደግሞ ወደ ቆዳ ይልካል። ላቡ በፈሰሰ ቁጥር ደሙ ይቀንስና በአንድ ምት የሚገፋው ያንሳል፤ ያነሰውን በብዛት ያካክሳል። ሯጩ ፍጥነቱን ሳይጨምር የልቡ ምት ብቻውን ሽቅብ ይወጣል። በዚህ አገር በሰዓትና በኪሎ ሜትር ብቻ መሮጥ ለሆስፒታል ቀጠሮ መያዝ ነው የምለው ለዚህ ነው።

መቁጠሪያውን ፍለጋ ሱወይከት ገበያ አካባቢ ወደ አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ገባሁ። ሻጩ እንደ እኔው ስደተኛ ነው፤ አረብኛችንም እኩል የተሰበረ በመሆኑ በደንብ ተግባባን። «ሰዲቅ፣ ኩሉ ፊ!» አለኝ፤ ወዳጄ፣ ሁሉም አለ ማለቱ ነው። እርምጃ ይቆጥራል፣ እንቅልፍ ይመዝናል፣ ስልክ ያነሳል፣ ቂብላ ያሳያል። «ልብንስ?» አልኩት፣ በእጄ ደረቴን እየመታሁ። «ቀልብ ፊ፣ ቀልብ ፊ!» (ልብም አለ) አለና ሰዓቱን ከነማሳያ ትራሱ ከመስታወቱ ውስጥ አወጣው። ሰዓቱ ትንሿ የቬልቬት ትራስ ላይ እንደታሰረ አረንጓዴ መብራቱን ብልጭ ድርግም እያደረገ 71 ይላል። ትራሷ በደቂቃ 71 ጊዜ ልቧ ይመታል ማለት ነው። ከእኔ የተረጋጋች ነበረች።

ሻጩ አልዋሸም፤ ሰዓቱም አልተበላሸም። የእጅ ሰዓት ከሥሩ አረንጓዴ ብርሃን ይረጫል። ደም አረንጓዴ ብርሃን ስለሚውጥ፣ ልብ በመታ ቁጥር ቆዳ ሥር ያለው ደም ሞላ ጎደል ሲል የሚመለሰው ብርሃንም ከፍ ዝቅ ይላል፤ ሰዓቱ ከዚያ ተነስቶ ያሰላል። ትራስም ብትሆን ብርሃን ትመልሳለች። ሌላኛው መቁጠሪያ፣ ደረት ላይ የሚታጠቀው ቀበቶ ግን፣ የሚያነበው ልብ ሊኮማተር ሲል የሚፈጠረውን ኤሌክትሪክ ነው፤ ሐኪም ቤት ደረት ላይ ሽቦ ለጥፈው የሚያነሱትን ዓይነት። እንግዲህ ቀበቶው ግቢ ገብቶ፣ መብራት ቆጣሪው ፊት ቆሞ ቁጥሩን የሚጽፍ አንባቢ ነው፤ ሰዓቱ ደግሞ በአጥር አጮልቆ፣ የበሩትን አምፖሎች አይቶ «ይህን ያህል ሳይፈጁ አይቀሩም» ብሎ የሚሄደው።

ለተኛና ለተቀመጠ ሰው የአጥሩ ግምት ደህና ነው፤ ሐሜት አልወድም። ችግሩ ሩጫ ላይ ነው። እጅ ሲወዛወዝ ሰዓቱ ይላላል፣ ብርሃን ይገባበታል፤ አንዳንዴም የእግርን ኮቴ የልብ ምት ነው ብሎ ይዞ እርምጃ ሲቆጥር ያመሻል። ጠቆር ያለ ቆዳም አረንጓዴውን ብርሃን ይጠጣበታል፤ ስለዚህ እኛ ጠበቅ አድርገን፣ ከአንጓው አጥንት ከፍ አድርገን ማሰር አለብን። ንቅሳት ደግሞ አንዳንዴ ጭራሽ ይጋርደዋል። የአንድ ጓደኛችን ሚስት የጎጃም ልጅ ናት፤ በልጅነቷ የተነቀሰችው አንጓዋ ላይ ሰዓቱን ስታስር ሁለት ሰረዝ ብቻ እያሳያት ቆየ። «ሞቻለሁ እንዴ?» ብላ ወደ ክንዷ ከፍ ስታደርገው 88 አላት፤ ሁላችንም እልል አልን።

ቀበቶውን ገዛሁ። ይህን ነገር ለዓለም ያበረከቱት ፊንላንዶች ናቸው። ሴፖ ሳይናያካንጋስ የሚባሉ መሐንዲስ (ስማቸውን ለመጥራት ብቻ የልብ ምት ይጨምራል) እ.ኤ.አ. በ1977 ኬምፔሌ በምትባል ቦታ ፖላርን መሠረቱ፤ ኩባንያው በ1982 ሽቦ የሌለውን የልብ ምት መቁጠሪያ አወጣ። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ሲጨርስ ግን 1960 ነበር። ጫማም አልነበረው፣ ቀበቶም አልነበረው። ይህን የምጠቅሰው ሰው ሁሉ ስለሚጠቅስብኝ ነው፤ ኢትዮጵያዊ የሩጫ ዕቃ በገዛ ቁጥር አበበን የሚያነሳበት ሰው አይጠፋም። የከብሳ ሆድ አበበን ምስክር አድርጎ ሊጠራ አይችልም ብዬ እመልሳለሁ።

ቀበቶው ላይ ያሉት ሁለት ንጣፎች ካልረጠቡ ኤሌክትሪኩን አይዙም፤ መመሪያው «ከመታጠቅዎ በፊት በውሃ ያርጥቡ» ይላል። መመሪያውን የጻፈው ሰው በነሐሴ አል ኹበር አልመጣም። የእኔ ከፎቁ ደረጃ ሳልወርድ ይርሳል። አስተጣጠቁ ከጡት በታች ነው፤ ጠበቅ ይላል፣ ትንፋሽ ግን አይከለክልም። ስመለስ በንጹህ ውሃ አለቀልቀዋለሁ፤ አለዚያ ጨው ይጋገርበታል። ልጆቹ መጀመሪያ ቀን ሲያዩኝ «መቀነት ታጠቀ!» ብለው ተንጫጩ። በእናቴ መቀነት ውስጥ ቢያንስ ገንዘብ ይቋጠር ነበር።

ዋናው ፈተና ግን የመጣው ከስልኩ መተግበሪያ ነው፤ የትውልድ ቀን ጠየቀኝ። የቱን? እናቴ «የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በተጀመረ ሰሞን» ትላለች፤ 1971 ማለት ነው። ይህንኑ ብጽፍ ስልኩ በፈረንጅ ቆጥሮ 8 ዓመት ያስረጀኛል። ትክክለኛው በእነሱ 1979 ነው። ፓስፖርቱ ላይ ደግሞ የላከኝ ደላላ «ወጣት ነው የሚፈልጉት» ብሎ 1985 አስጽፎልኛል። ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ቀመር ከ220 ላይ ዕድሜን ይቀንሳል፤ የልብ ጣሪያ እሱ ነው ይባላል። እንግዲህ በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠርና በደላላው መካከል ልቤ በደቂቃ 14 ምት ይለያያል። ደግነቱ ቀመሩም ቢሆን ፎክስና ሃስኬል የሚባሉ ተመራማሪዎች በ1971፣ ያውም በፈረንጅ 1971፣ ከተለያዩ ጥናቶች ሰብስበው ያሰመሩት ግምታዊ መስመር ነው፤ ከሰው ሰው 10 እና 12 ምት ይዛነፋል። ደላላው በ6 ዓመት ብቻ ነው የዋሸው። ከሳይንሱ ይልቅ ጠንቃቃ ነበር።

ስለዚህ ከቀመሩ ይልቅ ጋሼን አመንኩ። ጋሼ እዚህ አገር በሹፍርና ያረጁ፣ ማታ ማታ ሱሪያቸውን ጠቅልለው ኮርኒሹን የሚለኩ ሰው ናቸው። «አንተ ልጅ፣ ማውራት እስከቻልክ ድረስ ልክ ነህ፤ ወሬ ሲያጥርህ በዝቷል» ይሉኛል። የስፖርት ሐኪሞችም በሌላ ቋንቋ የሚሉት ይህንኑ ነው፤ እያወራህ ሩጥ፣ መዝፈን ከቻልክ ግን ጨምር። እኔ የጋሼን ወሬ ከቀበቶው ጋር አስተያየሁት። ሙሉ ዓረፍተ ነገር ስመልስላቸው ስልኩ ከ140 በታች ያሳያል። «እህ» ብቻ ስል 150 አልፏል። «እህ»ም ሲጠፋኝ 165 ነው፤ ያኔ ጋሼ «ምነው፣ አልጣመህም?» ብለው ይቀየማሉ።

ቀበቶው አንድ ያላሰብኩትን ነገርም መዘገበ። ሩጫ ጨርሼ፣ ባሕሩ ፊት ያለው አግዳሚ ላይ አርፌ፣ ቁጥሩ ወደ 84 ሲወርድ እያየሁ ስልኩ ጮኸ። ታላቅ እህቴ ናት። «ደህና ነህ ወንድም ዓለም? ሁላችንም ደህና ነን... ያው የቤቱ ቆርቆሮ ዋጋ ጨመረ እንጂ።» 112። «ሚስማሩንም ስንጠይቅ...» 131። ቆሜ አልሄድኩ፣ እጄን አላነሳሁ። መተግበሪያው ጥሪው ሲያበቃ «ግሩም ልምምድ!» ብሎ እንኳን ደስ አለህ አለኝ።

ባለፈው ዓርብ ከመካከላችን ትንሹ፣ በሞተር ምግብ የሚያደርሰው ልጅ፣ ቀበቶውን ከነስልኬ ተውሶ ኳስ ሊጫወት ወጣ። ልቡ ገና አዲስ ነው፤ ሮጦ ቆም ሲል ምቱ ወዲያው ይወርዳል። ማታ ስልኬን ስከፍት መተግበሪያው የሳምንቱን ሁሉ አስልቶ አዲስ ውጤት አስቀምጦልኛል፦ «የሰውነትዎ ዕድሜ 24»።

ደላላው እንኳ እዚህ ድረስ አልደፈረም።