የሕፃኑ ስም፣ የወላጁ ክስ

በጎጃም ደጋ ስም የሚወጣው ለልጁ አይደለም። ልጁ ይሸከመዋል እንጂ ስሙ የሚነገረው ለጎረቤት፣ ለባላጋራ፣ ለአማት፣ ለሞት፣ አልፎ አልፎም ለመንግሥት ነው። ከደጀን እስከ ደምበጫ፣ ከቢቸና እስከ ሞጣ ያለ ወላጅ የሚናገረው ነገር ሲኖረው ደብዳቤ አይጽፍም። ወረቀት ይጠፋል፣ ይቀደዳል፤ ጸሐፊም ገንዘብ ይጠይቃል። ልጅ ግን በተጠራ ቁጥር ስድሳና ሰባ ዓመት መልእክቱን ያደርሳል፤ ሲሞትም በልጆቹ ላይ የአባት ስም ሆኖ ይቀጥላል። ከዚህ የረከሰና የበረታ መገናኛ እስካሁን አልተፈለሰፈም። በተለይ የሚያስመሰግነው ደግሞ መልእክተኛው በሚላክበት ቀን አፍ ያልፈታ በመሆኑ እምቢ አለማለቱ ነው።

ሥርዓቱ በቅጡ የተደራጀ ነው። አንድ ልጅ ሁለት ስም አለው። የዓለም ስሙን ቤተሰብ ያወጣለታል፤ የክርስትና ስሙን ወንድ ከሆነ በ40፣ ሴት ከሆነች በ80 ቀን ቤተ ክርስቲያን ትሰጠዋለች። የኋለኛው ምንጊዜም ያማረ ነው፤ ገብረ ማርያም፣ ወልደ ጊዮርጊስ፣ ወለተ ሚካኤል። በዚህ ስም ማንም ቅር አይለውም። ስለዚህም ይደበቃል። ከንስሐ አባትና ከቅርብ ዘመድ በቀር የሚያውቀው ጥቂት ሲሆን፣ በይፋ የሚሰማው በአብዛኛው ባለቤቱ ሞቶ ፍትሐት ሲደረግለት ነው። መልካሙን ስም ለቀብር ቆጥቦ በሌላው ዕለት ዕለት መሥራት የደጋውን ሰው ቁጠባ ያሳያል። እህልም ቢሆን ምርጡ ለዘር ይቀመጣል እንጂ አይበላም።

ከዓለም ስሞች መካከል ጥንታዊውና የተከበረው ወገን የደረሰኝ ስም ሊባል ይችላል፤ ካሳ፣ ካሳሁን፣ ምትኩ፣ ምትኬ፣ ተካ፣ ፈንታ፣ ማስረሻ። ከእነዚህ አንዱን የያዘ ልጅ ብዙ ጊዜ በራሱ ጉዳይ የመጣ ሰው አይደለም። ከእርሱ በፊት የተወለደ፣ የተወደደና የሞተ ሌላ ልጅ አለ፤ እርሱ ለዚያ ኪሣራ የተቆረጠ ደረሰኝ ነው። ሕፃናት በየቤቱ በሚያልቁበት ዘመን የእናቲቱ ሐዘን እውነት ነበር፤ በዚያ ላይ የሚያፌዝ ሰው ልብ የለውም። ሆኖም ደረሰኙ አድጎ፣ አግብቶ፣ ወልዶ፣ ሸብቶም አንድ ቀን አይቶት በማያውቀው ወንድሙ ስም ሲጠየቅ መኖሩ ለማንም ጥያቄ ሆኖ አያውቅም። ኢትዮጵያ በ17 ዓመት ልዩነት ሁለት ካሳዎችን በንጉሠ ነገሥትነት አንግሣለች። ካሳ ኃይሉ በ1847 ዓ.ም. ቴዎድሮስ፣ ካሳ ምርጫ በ1864 ዓ.ም. ዮሐንስ ተብለው ዘውድ ደፉ። ሁለቱም በንግሣቸው ቀን ካሳነታቸውን አወለቁ። ዘውድ ያልደረሰው ካሳ ግን እስከ ዕለተ ሞቱ ካሳ ነው።

ሁለተኛው ወገን የመከላከያ ስም ነው። ሞትና ቡዳ ያማረ ነገር ይወዳሉ፤ ስለዚህ ልጁን እንደማይረባ ዕቃ ቢጠሩት ያልፉታል ተብሎ ይታመናል። ከዚህ እምነት በስተጀርባ ያለው ሐሳብ ረቂቅ ነው። ሞት የሰውን ሁሉ ዕድሜ ቆጥሮ ያውቃል፣ በር ቢዘጋበት ይገባል፣ ንጉሥ አይፈራም፤ ነገር ግን «ጣለው» የሚል ጥሪ ከሰማ በእርግጥ ተጥሏል ብሎ አምኖ ወደ ጎረቤት ይሄዳል። የጎረቤት ልጅ ምን እንደሚሆን በዚህ ስሌት ውስጥ አይገባም። ከሁሉ የሚልቀው «ባሪያው» ነው። እዚህ ላይ ወላጆች ለልጃቸው ጋሻ ያደረጉት የሌላውን ሰው ውርደት ነው፤ ሞት እንኳ ባሪያን ይንቃል ብለው ገመቱ። ባርነት በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ተሽሯል። ስሙ ግን ሳይሻር ቀርቶ፣ ባሪያ ሆኖ የማያውቅ ሰው የልጅ ልጅ ዛሬ በትምህርት ቤት መዝገብ ላይ የአያት ስም አድርጎ ሲጽፈው ይታያል።

ሦስተኛው ወገን የክስ ስም ነው፤ በዚህ ጎጃምን የሚመስል የለም። ርስት ባለበት ክርክር አለ፣ ክርክር ባለበት ቂም አለ፣ ቂም ባለበት ወንድ ልጅ ሲወለድ ክሱ ይከፈታል። ናደው፣ ደምሰው፣ ግዛቸው፣ በላቸው፣ ጣሰው፣ አሸብር፣ ደመላሽ። የሚናዱት፣ የሚገዙትና የሚበሉት እነማን እንደሆኑ በስሙ ውስጥ አልተገለጸም፤ መግለጽም አያስፈልግም፤ ከወንዙ ማዶ ያሉት ሰዎች ስሙ ሲጠራ ቀና ብለው ያያሉ። ልጁ ጡት ሳይጥል የሥራ ድርሻው ተመድቦለታል። ችግሩ ልጆች አለመታዘዛቸው ነው። ሽማግሌ ገብቶ ደሙ በካሳ ይደርቃል፤ ርስቱ በ1967ቱ አዋጅ የሕዝብ ይሆናል፤ ደመላሽም ተምሮ ጤና መኮንን ይሆንና የባላጋራውን ልጅ የደም ግፊት ሲለካ ይውላል። በላቸው የበላው ነገር ቢኖር የመንግሥት ደመወዝ ነው፤ እሱም አላጠገበውም።

እናቶች ለዚህ ዓይነት ጦርነት ጊዜ ስለሌላቸው ማስታወሻቸውን በአጭሩ ይጽፋሉ። ስንታየሁ የአንዲት ሴት የትዳር ታሪክ በአንድ ቃል ነው፤ አንባቢ የሚጎድለውን ራሱ ይሙላ። እንዳላማው ደግሞ ሐሜቱ እንደተጀመረ በጨዋነት የተቋረጠበት ስም ሲሆን፣ የታማው ሰው ስሙን በየቀኑ እየጠራ ልጁን ወደ ከብት ይልከዋል። ስሙን የምታወጣውም የምትሸከመውም ሴት ከሆነች ጉዳዩ ወደ ዋጋ ይዞራል። የሺ፣ የሺወርቅ፣ የሺእመቤት የተባሉት ልጆች ተመናቸው የተቆረጠው ሺህ ብር ጥንድ በሬ ገዝቶ በሚተርፍበት ዘመን ነው። ዛሬ ሺህ ብር ደህና በግ አይገዛም፤ ስሙን ከኑሮ ውድነቱ ጋር ያስተካከለ ወላጅ ግን የለም። መንግሥት የሚወዱ አባቶችም አሉ። ከ1966 ዓ.ም. በኋላ የተወለዱት አብዮትና ትግሉ የተባሉ ልጆች ነገሩ ሲያልፍ አብረው አላለፉም፤ አሁን ጎልምሰው ሲጠሩ ሰው ፈገግ ይላል።

ይህን ሁሉ የሸዋ ሰው ቢያነብ የጎጃም ሰው ጉዳይ ነው ብሎ እንዳያልፈው፣ የምኒልክን ስም የሚመለከተውን የቆየ ትረካ ማስታወስ ይገባል። አባቱ ኃይለ መለኮት ከማን እንደወለደው በተሰማ ጊዜ «ምን ይልህ ሸዋ» የሚል ስም እንደወጣለት ይተረካል። የሚነገረው እውነት ከሆነ ታላቁ ንጉሥ ሕይወቱን የጀመረው የአባቱ መሳደቢያ ሆኖ ነው። ስሙ ከጊዜ በኋላ ከንግሥተ ሳባ ልጅ ጋር ተገናኝቶ አማረ፤ ይህ ዕድል ግን ለሁሉም አይደርስም።

የጎጃሙ ገዥ ደግሞ ሌላ መንገድ መረጠ። አዳል ተሰማ ይባል የነበረው ራስ በ1873 ዓ.ም. የጎጃምና የከፋ ንጉሥ ሲሆን ተክለ ሃይማኖት ተባለ። በቀጣዩ ዓመት በእምባቦ ጦርነት በምኒልክ ጦር ተማረከ፤ ከፋም ከእጁ ወጣ። የጻድቁ ስም ከሽንፈት ያድናል ተብሎ ከነበረ ዋስትናው አልሠራም። መናገሻውም በዚያው ዘመን መንቆረር ከመባል ወጥታ ደብረ ማርቆስ ሆናለች። ስለዚህ ዛሬ በከተማዋ የሚኖር ወላጅ በልጁ ስም አፍሮ ሌላ ቢፈልግ ባህል አፈረሰ ማለት አይቻልም፤ ከተማዋ ራሷ ስሟን የቀየረች ናት።

ይህ የዛሬው ወላጅ ከአባቱ በብዙ መንገድ የሠለጠነ ነው። ክስ፣ ቂምና ደረሰኝ አይወድም። የሚፈልገው አጭር፣ ለስላሳና ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ስም ነው፤ ማክቤል፣ ሶሊያና፣ ኤልዳና፣ ሄቨን። ትርጉሙ ሲጠየቅ እናቲቱ ግዕዝ ነው ትላለች፣ አባትየው ዕብራይስጥ ነው ይላል፤ በመጨረሻ ሁለቱም «የአምላክ ስጦታ» በሚለው ይስማማሉ። ከቁጥራቸው ስንገምት አምላክ ለአንድ የመዋዕለ ሕፃናት ክፍል ብቻ በልዩ ልዩ ስም የሰጠው ስጦታ ብዙ ነው። አያት ከገጠር መጥተው ስሙን ሲሰሙ ለልጅቷ ነው ወይስ ለጥጃዋ ብለው ይጠይቃሉ፤ ቡሬና ዳልቻን የመሰለ አጭር ስም በእሳቸው ዘንድ የከብት ነው። ሌሎች ወላጆች ወደ መጽሐፍ ቅዱስ ይሄዳሉ። «ጣለው» ሟርት ነው ብሎ የተጸየፈው አባት ልጁን አቤል ይለዋል፤ በወንድሙ እጅ የተገደለውን የመጀመሪያ ሟች። ሮቤል የአባቱን መኝታ ያረከሰ፣ ዲና የተደፈረች፣ ራሔል በወሊድ የሞተች መሆናቸው በኦሪት ዘፍጥረት ተጽፏል፤ ስሙ ግን ያምራል፤ ዘፍጥረትን ደግሞ ማንም እስከ መጨረሻው አያነበውም።

ያም ሆኖ ሥልጣኔው አንድ እንቅፋት አለበት። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ እያንዳንዱ ሰው የቤተሰብ ስም እንዲኖረው ደንግጎ ነበር፤ ድንጋጌው በሥራ ላይ አልዋለም፤ ኢትዮጵያዊ አሁንም የሚጠራው በራሱ፣ በአባቱና በአያቱ ስም ነው። በዚህ ምክንያት አራዳው ስም ብቻውን መቆም አልቻለም። ከኋላው አባትና አያት ተከትለውት ይገባሉ። ሶሊያና እንዳላማው ጣለው፤ ማክቤል ደመላሽ ናደው። ወላጅ ሊረሳው የፈለገው የወንዝ ማዶ ክስ በልጁ መታወቂያ ላይ ሁለት ቃል ወርዶ ይጠብቀዋል። አሜሪካ በተወለደው የልጅ ልጅ ዘንድ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ እዚያ የመጨረሻው ስም የቤተሰብ ስም ስለሚሆን መምህሩ ልጁን የሚጠራው «ሚስተር ናደው» እያለ ነው። ባላጋራው ሲያትል ድረስ አልሄደም እንጂ ስሙ ሄዷል።

ለዚህ ሁሉ ተቆጣጣሪ አካል የለም እንዳይባል በየቤቱ ኮሚቴ አለ። በአይስላንድ፣ እንደኛው በአባት ስም በሚጠሩበት አገር፣ አዲስ ስም ከቋንቋው ጋር መስማማቱን የሚመረምር ኮሚቴ ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠራል። በጃፓንም በ1993 እ.ኤ.አ. አንድ አባት ለልጁ «ሰይጣን» የሚል ስም ይዞ ሲቀርብ የከተማው አስተዳደር አልመዘግብም ብሎ ነገሩ አገር አነጋግሯል። የደብረ ማርቆሱ ኮሚቴ የሚሰበሰበው በአራስ ቤት ገንፎ ከተበላ በኋላ በቡናው ላይ ሲሆን፣ አባላቱ አክስት፣ አማት፣ የክርስትና እናትና አንድ ያልተጋበዘ ጎረቤት ናቸው። አንዱን ስም የጠላት ነው፣ ሌላውን የሟች ነው፣ ሦስተኛውን ከዓመት በፊት የከሰሰን ሰው ነው እያለ ይጥላል። ስሙ ለልጁ ይመቸው እንደሆነ የሚጠይቅ አባል እስካሁን አልተመረጠም።

ኮሚቴው ቢሳሳት የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ መንደሩ ነው። ሀዲስ ዓለማየሁ፣ ከደብረ ማርቆስ አጠገብ የተወለደው ደራሲ፣ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ይህን በደንብ አሳይቷል። ካሳ ዳምጤ የባላባቶቹን ሥራ መተቸት ሲጀምር አገሩ ስሙን አሻሽሎ «ጉዱ ካሳ» አለው። ወላጁ ካሳ ብሎ ሰየመው፤ ኅብረተሰቡ ደግሞ ካሳ አይበቃውም ብሎ ጨመረለት። በሁለቱም ጊዜ አልተጠየቀም።

በስሙ የከፋው ሰው ለመለወጥ ሲፈልግ ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ይወስዳል፤ ማስረጃ ያቀርባል፤ ከዚያም በዲፕሎማው፣ በባንክ ደብተሩና በመሬት ማረጋገጫው ላይ ያለውን ስም ሲያስተካክል ይከርማል። ከዚህ ሁሉ የሚያድነው መጀመሪያ ሲመዘገብ ማሰብ ነው። ስለዚህ አራስ የያዙ ወላጆች የቀበሌውን መዝገብ ከመሙላታቸው በፊት ስሙን ከአያቱ ስም ጋር አያይዘው፣ ጎልማሳ ሰው በፍርድ ቤት በር ላይ እንደሚጠራ አድርገው ጮክ ብለው ይጥሩት። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ልደት በ90 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዛል። ወንድ ልጅ ክርስትና ከተነሳ በኋላ ለማሰብ 50 ቀን ይቀራል፤ ለሴት ልጅ 10 ቀን ብቻ።