የጋሼ አራት ዓመታት

በ1969 ዓ.ም. መንግሥት በየገበሬ ማኅበሩ ሚሊሺያ መልምሎ ታጠቅ ጦር ሰፈር ሲያስገባ፣ ከመንዝ ከሄዱት ጎረምሶች አንዱ አጎቴ ነበሩ። 16 ዓመታቸው ነው። መዝጋቢው ቀና ብሎ ቁመታቸውን አየና ሳይጠይቅ 20 ብሎ ጻፈ። ሰልፉ ረጅም ነው፣ ጦርነቱ ደርሷል፤ ማን ይከራከራል? ልደቱን በወረቀት የያዘ የገበሬ ልጅም አልነበረም። በአገራችን የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው ገና በ2008 ነው።

ጋሼ ከኦጋዴን እስከ ኤርትራ 14 ዓመት ተዋጉ። በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን መሐል ሜዳ ገቡ፤ ቆይተውም የትምህርት ቤት ጥበቃ ሆነው ተቀጠሩ። በ2009 መግቢያ ላይ «የውትድርና ዘመንዎ ከጡረታ ይደመርልዎት» የሚል ምክር ሰሙ። ምክሩ ክፉ አልነበረም። ያኔ ይሠራበት በነበረው አዋጅ 714/2003 መሠረት ለሲቪል ሠራተኛ ከ10 ዓመት በላይ ያለው እያንዳንዱ የአገልግሎት ዓመት አበሉ ላይ ከደመወዙ 1.25 በመቶ ይጨምር ነበር። 14ቱ ዓመት 17.5 በመቶ ማለት ነው። ለጥበቃ ደመወዝ ይህ የጤፍና የዘይት ጉዳይ ነው።

ማህደሩ ተፈልጎ መጣ። የአያታቸው ስም ላይ «ወልደ» የነበረው «ገብረ» ሆኗል። የትውልድ ዘመናቸው 1953 መሆኑ ቀርቶ 1949 ተብሏል። ማህደሩን የያዘችው ልጅ «ስሙ ከተለያየ ሰውዬው እርስዎ አይደሉም፤ ሰውዬው እርስዎ ከሆኑ ደግሞ ዘንድሮ 60 ሞልቶዎታል፣ ጡረታ ይወጣሉ» አለች። ጋሼ በርኖሳቸውን ሰብስበው ዝም አሉ። እኔ ግን ዛሬም ያንገበግበኛል፤ 14 ዓመቱን የሚሰጠው ወረቀት አራቱን ይነጥቃል።

ለስሙ ፍርድ ቤት አለ፤ ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን አብረው የዘመቱ ሰዎች ይመስክሩ ተባለ። በሕይወት ያሉት አንዱ ግሼ ራቤል፣ አንዱ መርሐቤቴ ዓለም ከተማ ናቸው። ራቤል ስንደርስ ሰውዬው ለቅሶ ሄደዋል፤ ቤተሰቡ ገብስ ቆሎና ጠላ አቅርቦ አሳደረን። በማግሥቱ መጡና ጋሼን አቅፈው አለቀሱ፤ «የት አባክ ጠፍተህ!» እያሉ። ስለ ምስክርነቱ የተነጋገርነው ከሰዓት በኋላ ነው። ወደ መርሐቤቴ ያቀናነው ደግሞ ጣርማ በርን በጉም ተሻግረን፣ በደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ወርደን፣ በሙከጡሪና በለሚ የጀማን ገደል ቁልቁል ይዘን ነው። የዓለም ከተማው ሃምሳ አለቃ ያለ ማንገራገር ተከተሉን።

ችሎት ፊት ሃምሳ አለቃው የሥንብት ወረቀታቸውንና መታወቂያቸውን አቀረቡ። የእሳቸውም የአባት ስም በሁለቱ ላይ የተለያየ ነው! ዳኛው በትህትና «መጀመሪያ የእርስዎ ማንነት ይረጋገጥ» ብለው መለሷቸው። ደግነቱ የራቤሉ ምስክር ወረቀት ንጹሕ ነበር፤ ሌላ የሰፈር ሰው ተጨምሮ የአያት ስም ተቃና።

ዕድሜው ግን አልተነካም። ሕጉ የሚይዘው መጀመሪያ ሲቀጠሩ የተመዘገበውን የልደት ዘመን ብቻ ነው። የሕጉ ሐሳብ ይገባኛል፤ ጡረታ ሲደርስ ዕድሜውን የሚቀንስ ሞልቷል። ነገር ግን ሰው ራሱ አስቦ ያስመዘገበውና መዝጋቢ በዓይኑ ለክቶ የጻፈው እኩል እንዴት ይታሰባል? የክርስትና አባቱ፣ የንስሐ አባቱ፣ አብሮት የተወለደው የጎረቤት ልጅ ቀርበው ቢጠየቁ ምን ይጎዳል? እነዚህ ሽማግሌዎች ሲያልፉ የሚቀረው ያ የታጠቅ ቅጽ ብቻ ነው፤ የሚቸግረኝም ይኸው ነው።

ጋሼ በ2009 ጡረታ ወጡ፤ 14ቱ ዓመት ተይዞላቸዋል። በተከታዩ ጥቅምት ሃምሳ አለቃው የራሳቸውን አቤቱታ ዓለም ከተማ ከፈቱ። ጋሼም ለምስክርነት ጀማን ሊሻገሩ በርኖሳቸውን ደርበው ተነሡ።