የቁጭ ብድግ ማግስት ሕመም፦ መንስኤው፣ ሂደቱና ሕክምናው በደሴና በኮምቦልቻ

የቁጭ ብድግ ማግስት ሕመም ጤነኛ ሰው በገዛ ፈቃዱ፣ ብዙ ጊዜም በገዛ ገንዘቡ፣ የሚሸምተው የጭንና የመቀመጫ ጡንቻ ሕመም ነው። በአብዛኛው የሚይዘው አዲስ የጂም ተመዝጋቢን፣ ከርሞ የተመለሰን፣ እንዲሁም ጓደኛው ቆሞ እያየው ብረቱ ላይ ተጨማሪ ኪሎ ያስጫነን ሰው ነው። በንክኪ አይተላለፍም፤ «አንተ እኮ አትችለውም» በሚል ንግግር ግን በፍጥነት ይዛመታል።

ከሌሎች ሕመሞች የሚለየው በመዘግየቱ ነው። ቁጭ ብድጉ፣ በጂም ቋንቋ ስኳት፣ እየተሠራ ሳለ ጭን ላይ የሚሰማው ማቃጠል ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱ ብረቱ እንደተቀመጠ ይበርዳል። ተመዝጋቢው ታጥቦ፣ ጁሱን ጠጥቶ፣ ደረቱን ነፍቶ ቤቱ ይገባል። «ምንም አልመሰለኝም» የሚለው የታወቀ አነጋገር የሚሰማውም በዚያው ምሽት ነው። ሕመሙ ብቅ የሚለው ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ሲሆን፣ የሚበረታው ከ24 እስከ 72 ሰዓት ውስጥ ነው። ሰኞ የሠራ ሰው ማክሰኞ ጠዋት ይጠራጠራል፣ ረቡዕ ያረጋግጣል። በአገሬው አቆጣጠር ሠልስቱ ላይ ይጠናል ማለት ነው። ከዚያ እየላላ ሄዶ በሳምንቱ ገደማ ይለቃል።

ስለ መንስኤው በየጂሙ የሚሰጠው ማብራሪያ «አሲድ ተጠራቅሞብህ ነው» የሚል ነው። ማብራሪያው አጭርና ለመያዝ የሚመች ከመሆኑ በቀር ሌላ ብቃት የለውም። ላክቲክ አሲድ የሚባለው ነገር ልምምዱ ካበቃ በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ከደም ይጠረጋል። የሰኞ ማታው አሲድ በረቡዕ ጠዋቱ ጭን ሊከሰስ አይችልም፤ በቦታው አልነበረም። አሜሪካዊው የፊዚዮሎጂ ተመራማሪ ቴዎዶር ሀፍ የጣት ጡንቻዎችን በሥራ እያደከመ ባደረገው ጥናት፣ ዘግይቶ የሚመጣው ሕመም ጡንቻው ውስጥ ከሚደርስ ጥቃቅን መበጣጠስ የሚነሳ መሆኑን የጻፈው በ1902 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ወዲህ የመጡ ማይክሮስኮፖች በጡንቻው ደቂቅ ክሮች ላይ መዛባት ማሳየታቸው ሐሳቡን አጠናክሮታል። የሚያመው ግን መበጣጠሱ ብቻ አይደለም፤ ሰውነት የተጎዳውን ሊጠግን ሲነሳ አካባቢው ያብጣል፣ ነርቮቹም ከወትሮው ይልቅ ይቆጣሉ። ጥገናው ጊዜ ስለሚወስድ ሕመሙም ጊዜ ወስዶ ይመጣል።

በዚህ መስክ ዋናው ግኝት ግን ጥፋቱ የብድጉ ሳይሆን የቁጩ መሆኑ ነው። ሰው ሲነሳ የጭኑ ጡንቻ እያጠረ ይሠራል፤ ሲቀመጥ ግን እየተለጠጠ ሸክሙን ይዞ ማውረድ አለበት። በዚህ ጊዜ ለተመሳሳይ ሸክም የሚሰለፉት ክሮች ጥቂት ስለሆኑ በእያንዳንዱ ላይ የሚያርፈው ጫና ይበዛል። አስቸጋሪው ነገር፣ ይህ ሥራ ሲሠራ አለመክበዱ ነው። በ1952 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ ሦስት ተመራማሪዎች ሁለት ብስክሌቶችን ጀርባ ለጀርባ በሰንሰለት አያይዘው፣ አንዱ ወደፊት ሲነዳ ሌላው ፔዳሉን እየተቋቋመ እንዲይዝ አደረጉ። ለንደን ውስጥ ለሊቃውንት በቀረበው ትርኢት ላይ ብሬንዳ ቢግላንድ የተባለችው ተመራማሪ ቁጭ ብላ በመቋቋም ብቻ፣ ወደፊት የሚነዳውን የሥራ ባልደረባዋን ሙርዶክ ሪቺን ያለ ብዙ ድካም አድክማዋለች። መያዝ ከመግፋት እጅግ ያነሰ ኦክስጅን ይፈልጋል። ሂሳቡን የሚያወራርደው በሠልስቱ ነው።

ጥፋተኛው መውረድ ከሆነ፣ ለጥናቱ ከደሴ የሚስማማ ከተማ ማግኘት ያስቸግራል። ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር፣ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተዘረጋች፣ ደልዳላ መሬት በቁጠባ የተሰጣት ከተማ ናት። በጦሳ ግርጌ ካሉት ሰፈሮች ወደ ፒያሳ የሚወርድ ሰው እያንዳንዱ እርምጃው ትንሽ ስኳት ነው፤ ጉልበቱ ይታጠፋል፣ ጭኑ እየተለጠጠ ክብደቱን ይይዛል። ልጁ ለትምህርት፣ እናቱ ለገበያ፣ አባቱ ለሥራ በየቀኑ ይህን ይሠራሉ። ማንም አሠልጣኝ አልቀጠረላቸውም፤ ማንም ግን «ጭኔን አመመኝ» ሲል አይሰማም።

ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ራቅ ብላ፣ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብላ፣ በቦርከና ሸለቆ ውስጥ በአንጻራዊ ምቾት ተንጣልላ ትገኛለች። ለዘመድ ጥየቃ ወደ ደሴ የመጣ ኮምቦልቼ በብዛት የሚፈጽመው ስህተት የታወቀ ነው፦ ሽቅቡን ለባጃጅ ከፍሎ ይወጣል፣ ቁልቁለቱን «መውረድ ምን ችግር አለው» ብሎ በእግሩ ይወርዳል። የማያሳምመውን በገንዘቡ አስቀርቶ የሚያሳምመውን በነፃ ወሰደ ማለት ነው። ወደ ኮምቦልቻ ሲመለስ የሐረጎን ቁልቁለት በሚኒባስ ሲወርድ ግን ጭኑ ምንም አይሆንም። በዚያ ቁልቁለት ሸክሙን ይዞ የማውረዱን ሥራ የሚሠራው ፍሬኑ ነው፤ ፍሬኑም የሚሰማውን ተሳፋሪው ሁሉ በሚያውቀው ሽታ ይገልጻል።

የደሴው ሰው ያልታመመበት ምክንያት ጀግንነት አይደለም። ጡንቻ አንድ ጊዜ በዚህ ሥራ ከተጎዳ በኋላ ለተመሳሳይ ሥራ ይዘጋጃል፤ ሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው በጣም ያነሰ ያማል። ይህ ጥበቃ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይቆያል። ነገሩ በጂም ብቻ የሚታይ አይደለም። በዐቢይ ጾም ስግደቱን ሳያጓድል የቆየ ምእመን የስቅለትን ስግደት ፈጽሞ ትንሣኤን በሰላም ይፈስካል። ዓመቱን ሙሉ ጠፍቶ በስቅለት ዓርብ ብቻ ብቅ ያለው ግን ሕመሙ የሚበረታበት ጊዜ ልክ ዶሮው ከሚቀርብበት ሰዓት ጋር ይገጥምበታል። የአምስቱ ወቅት ሶላት ግዴታዎች በቀን 17 ረከዓ፣ 34 ሱጁድ ናቸው። ይህን ለ50 ዓመት ያላጓደሉ አዛውንት ከመስገጃቸው ብድግ ሲሉ፣ ትናንት ስኳት የጀመረው የልጅ ልጃቸው አጠገባቸው በሁለት እጁ መሬቱን ሲደገፍ ማየት የተለመደ ነው።

የምርመራ መሣሪያ አያስፈልግም። በወሎ ቤት ሁሉ የሚገኘው በርጩማ በቂ ነው። ቡናው ከአቦል ወደ ቶና እስኪሻገር ድረስ ዝቅ ብሎ የተቀመጠ ታማሚ ደህና ይመስላል፤ እንዲያውም ይጫወታል። ምልክቱ የሚገለጠው አንድ ትልቅ ሰው ወደ ቤት ሲገቡ ነው። ተነስቶ መቀበል ግድ ነው። ታማሚው አንድ እጁን ጉልበቱ ላይ፣ ሌላውን ግድግዳው ላይ አድርጎ፣ ፊቱን ፈገግታ ለማስመሰል እየታገለ መነሳት ይጀምራል። እንግዳው ወግ ጠባቂ ናቸውና ገና በእኩሌታው ሳለ «ኧረ በአላህ! ተቀመጥ ልጄ» ይሉታል። ቃሉ የተነገረው ለምሕረት ነበር፤ ነገር ግን ታማሚው መንገዱን አጋምሶ አሁን ደግሞ መውረድ አለበት፤ የሚያመውም መውረዱ ነው። በርጩማው ላይ የሚያርፍበትን ድምፅ የሰማ ሰው ሌላ ማስረጃ አይጠይቅም። መቀመጫ የሌለው ሽንት ቤትም ተመሳሳይ ውጤት ይሰጣል፤ ዝርዝሩ ግን ለዚህ ጽሑፍ አይመጥንም።

በሕክምናው በኩል ምክር ሰጪው ከታማሚው ይበዛል። በስኳር የተበጠበጠ ውሃ ከመጣፈጡ ሌላ የሚያስመካ ውጤት የለውም። እግርን መሳሳብ በየጂሙ እንደ ሃይማኖት ይሰበካል፤ በ2011 እ.ኤ.አ. ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶች ገምጋሚ ድርጅት ጥናቶቹን ሰብስቦ ሲያያቸው ግን ከልምምድ በኋላ የተደረገ መሳሳብ ሕመሙን በማግስቱ ከ100 ነጥብ በአንድ ነጥብ ገደማ ብቻ ቀንሶት ተገኝቷል። ማሸት በመጠኑ ይረዳል፤ ቢሆንም በስንጥቅና በወለምታ የሠለጠነ የወጌሻ እጅ ለዚህ ሕመም ሲበዛ ብርቱ ነው፣ በቀስታ ማሸት ይበቃል። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍም ጥቂት ያስታግሳል። የደሴ ውሃ ለዚህ የሚሆን ቅዝቃዜ አያንሰውም፤ ችግሩ ሁለት ጭን የሚይዝ ሳፋ ማግኘቱ ላይ ነው። የሚያዋጣው ቀላሉ ነው፦ ቀስ ብሎ መራመድ፣ በደንብ መተኛት፣ ሽሮውን፣ ምስሩንና እንቁላሉን አለመዝለል። ጋደም ብሎ መዋል ሕመሙን አያሳጥረውም፤ የመጀመሪያዋን እርምጃ ብቻ ያከብዳታል። የ«አብሽር» ሕክምናዊ ጥቅም አልተለካም፤ ጉዳት ግን የለውም።

ይህ ሁሉ ቀልድ የማይመለከተው አንድ ሁኔታ አለ። ሽንቱ እንደ ኮካ የጠቆረ፣ ጭኑ ያበጠ፣ ጉልበቱ ከድቶት መቆም ያቃተው ሰው የማግስት ሕመም ብቻ አይደለም የያዘው። የፈራረሰ ጡንቻ ይዘት ወደ ደም ገብቶ ኩላሊትን ሊያውክ ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው ወደ ወጌሻ ሳይሆን በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል መሄድ አለበት። ማስታገሻ እየዋጡ መጠበቅ፣ በተለይ ውሃ ሳይጠጡ፣ ለኩላሊቱ ተጨማሪ ሸክም ነው።

የቀሩት ታማሚዎች ሁሉ ይድናሉ። ሕመሙ ሲለቅ በቀላል ክብደትና በጥቂት ድግግሞሽ ጂም የተመለሰ ሰው ሁለተኛውን ዙር ብዙም ሳይሰማው ያልፈዋል። ያልተመለሰው ሰው ያገኘው ጥበቃ ግን በወራት ውስጥ ይጠፋል። የከፈለው የወር ክፍያ በወሩ መጨረሻ ይቃጠላል፤ ተመላሽ የለውም።