ማኅተሙ ይታይ እንጂ

ሰሞኑን አንድ መሥሪያ ቤት በቴሌግራም ቻናሉ ክፍት የሥራ ቦታ አውጥቶ ነበር። ሐይቅ ከተማ ውስጥ እንዲህ ያለውን ማስታወቂያ በጉጉት ከሚጠብቁት አንዱ ዓይነ ስውሩ ጓደኛዬ ነው፤ ዲግሪውን ከያዘ ሁለት ዓመት አልፎታል። ስልኩ ላይ ቶክባክ አለው፤ ጣቱ ያረፈበትን ሁሉ በድምፅ ይነግረዋል። ማስታወቂያውን ነካው። ስልኩ «ፎቶ» አለና ዝም አለ።

ጓደኛዬ የወሎ ልጅ አይደል፣ «አብሽር፣ ሐይቁን አንሥተው ለጥፈው ይሆናል» ብሎ አለፈው። እኔ ደርሼ ሳነብለት ምዝገባው ከተዘጋ ሦስተኛ ቀኑ ነበር።

መሥሪያ ቤቱን መውቀስ ግን ግፍ ነው። ድካሙን እንይለት እንጂ። ማስታወቂያው ኮምፒውተር ላይ ሲጻፍ እያንዳንዱ ፊደል ፊደል ነበር። እዚያው ገልብጦ ቻናሉ ላይ መለጠፍ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ እንዲህ ያለ ቅለት ግን የቢሮን ክብር ይነካል። ስለዚህ ታተመ። ኃላፊው ከስብሰባ እስኪመለሱ ተጠበቀ። ተፈረመ። የማኅተሙ ያዥ ከምሳ እስኪመለሱ ደግሞ ተጠበቀ። በመጨረሻ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ በሞባይል ተነሣ፤ ትንሽ ዘመም ብሎ፣ ጥጉ ላይ የአንሺው አውራ ጣት ገብቶበት። ከማለዳ እስከ አመሻሽ ተለፍቶ ፊደል የነበረው ሥዕል ሆነ። ይህን «ዲጂታል አሠራር» እንለዋለን።

«ማኅተም ከሌለው ማን ያምነዋል?» ይሉኛል። እውነት ነው። ፎቶው እንዳለ ሆኖ ጽሑፉን ከሥሩ መለጠፍ ይቻላል የሚል ሰው ቢሮ ሠርቶ አያውቅም። ከፎቶ ላይ ፊደል ለቅሞ ወደ ጽሑፍ የሚመልስ ሶፍትዌር አለ፤ አማርኛም ይሞክራል። ማኅተም መቺዎቻችን ግን ይህን አስቀድመው ያወቁ ይመስል ክቡን ሁልጊዜ የሚያሳርፉት የመጨረሻው የምዝገባ ቀን ላይ ነው።

ይህ ሁሉ የሚሆነው የት እንደሆነ ልብ በሉልኝ። ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አጠገብ ነው። አባ ኢየሱስ ሞአ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ገዳሙን የመጻሕፍት ቤት አደረጉት፤ በ1280/81 እ.ኤ.አ. ያስጻፉት አራቱ ወንጌል ስማቸውን ይዞ እስከ ዘመናችን ደርሷል። የብራና ጸሐፊ ቆዳ ፍቆ፣ ቀለም በጥብጦ ሲጽፍ መጀመሪያውን በቀይ ቀለም ይለየው ነበር፤ አንባቢው የት እንደሚነሣ እንዲያውቅ። ደግሞም የሚጻፈው ጮክ ተብሎ ሊነበብ፣ ሊሰማ ነበር። እኛ ከዚህ ኋላ ቀርነት ተላቀናል። ርዕሱን ቦልድ እናደርግና መጠኑን 16 እናደርሰዋለን፤ ለዓይን ርዕስ ይመስላል፣ እንደ ቶክባክ ላለ ስክሪን ሪደር ግን እንደ ሌላው ተራ መስመር ነው። ወርድ ላይ «ሄዲንግ» የምትባል ነገር አለች፤ እሷን ብንነካ ዓይነ ስውሩ ከርዕስ ወደ ርዕስ እየዘለለ የሚፈልገውን ያገኝ ነበር። ለምን ይዝለል? አርባውን ገጽ ሪፖርት ከመግቢያው ጀምሮ ይስማ። አራት ነጥብንም ሁለት ሁለት ነጥብ ጎን ለጎን ደርድረን እንጽፋለን። ለዓይን ያው ነው፤ አንባቢው ድምፅ ግን ዐረፍተ ነገሩ ማለቁን ስለማያውቅ ብዙ ጊዜ ትንፋሽ ሳይወስድ ይጋልባል።

ቸር መሥሪያ ቤት ሲገኝ ደግሞ ፋይሉን ራሱን ይልካል። እዚህ ላይ ቅኔው ይመጣል። ፊደላችን ኮምፒውተሮች ፊደልን በሚለዩበት የጋራ ኮድ፣ በዩኒኮድ 3.0፣ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ፎንቶች የእኛን ፊደል በላቲን ፊደልና ምልክት ወንበር ላይ ያስቀምጡት ነበር፤ ያንን ፎንት ዛሬም ድረስ እንደ ርስት የያዘ ቢሮ አለ። ሰሙ አማርኛ፣ ወርቁ ላቲን። እኛ ሰሙን እናነባለን፤ የጓደኛዬ ኮምፒውተር ቅኔ አዋቂ ነውና በቀጥታ ወደ ወርቁ ገብቶ «ዶላር፣ ፐርሰንት፣ ቅንፍ» ይላል። ከአራቱ ቅኝቶች አንዱ በአምባሰል ስም በሚጠራበት አገር እንዲህ ያለ ዜማ መሰማቱ ያሳዝነኛል።

ሕግ አለ። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 አጽድቃለች፤ አንቀጽ 9 መረጃና ኮሙኒኬሽን ለእነሱም ተደራሽ ይሁን ይላል። ጓደኛዬ ራሱ ያንብበው ብዬ ቅጂ ፈልጌ ላክሁለት። ያገኘሁት ስካን ኖሮ ኮምፒውተሩ «ባዶ ሰነድ» አለው።

የአንቀጽ ነገር በዚህ ምድር እንዲህ በቀላሉ የሚታለፍ አልነበረም። ከሐይቅ ወደ ሰሜን ሄድ ሲሉ የአምባሰሏ ውጫሌ ናት፤ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የኢጣልያ ውል የተፈረመባት። አንቀጽ 17 በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከፈለጉ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በኢጣልያ በኩል መነጋገር ይችላሉ ሲል፣ በጣልያንኛው ግዴታ አደረገባቸው። አንድ ሰነድ ለሁለት አንባቢ ሁለት ነገር በማለቱ ዓድዋ ድረስ ተኬደ። የዛሬው ሰነድ ይሻላል። ለአንዱ ሙሉ ማስታወቂያ፣ ለሌላው «ፎቶ» ይሆናል፤ ክተት የሚል ግን የለም።

ጓደኛዬ በመጨረሻ አቤቱታ ጻፈ፤ በዩኒኮድ፣ ርዕሱን በሄዲንግ፣ አራት ነጥቡን በአራት ነጥብ። በሁለተኛው ሳምንት መልስ መጣለት። ስልኩ «ፎቶ» አለ። እኔን ጠርቶ «አንብብልኝ» አለኝ።

«አቤቱታዎን በጥሞና ተመልክተነዋል» ይላል።

«ሌላስ?»

«ሌላ የለውም።»

«ማኅተም አለው?»

«አለው፤ የደብዳቤው ቁጥር ላይ አርፏል።»

«በቃ፣ እንግዲያውስ ተመልክተውታል» አለና ስልኩን ኪሱ ከተተው።