የፊት ማርሽ መቀየሪያን አደብ ለማስያዝ የወጣ አዋጅ ቁጥር 53/39

አዋጅ! አዋጅ! የደበሎ ቅዳጅ! የሰማህ ላልሰማህ አሰማ! ካቻቪቴ የጨበጥክ አስቀምጥ! ብስክሌትህን ዘቅዝቀህ በኮርቻው ያቆምክ ቀና አድርግ!

ከእኛ፣ ሥዩመ ፔዳል፣ ባለ 53 ጥርስ፣ የኮርስ ብስክሌት የቀኝ ጎን ገዢ። ለታናሽ ወንድማችን ለባለ 39 ጥርሱ፣ ለካቴናው፣ ለካቮው፣ ለሁለቱ ብሎኖች፣ ይልቁንም ለባለብስክሌቱ።

ካቴናው ከታናሽ ወንድማችን ተነሥቶ ወደ እኛ እንዲወጣ በግራ እጅ ማንሻ ሕጋዊ ትእዛዝ እየደረሰው፣ ደጃችን ድረስ መጥቶ ሲያንኳኳ ቆይቶ የሚመለስ በመሆኑ፤

አንዳንድ ጊዜም ከታዘዘው በላይ ተግቶ በላያችን በመዝለል የፔዳሉን ክንድ የቧጨረ፣ ሲወርድ ደግሞ ታናሽ ወንድማችንን አልፎ በፍሬሙና በጥርሱ መካከል የተቀረቀረ በመሆኑ፤

ባለብስክሌቱም ይህን ባየ ቁጥር ምንም ሳያጣራ ዓይኑ ያረፈባቸውን ሁለት ብሎኖች ማዞር ልማድ ስላደረገ፣ ስንት እንዳዞረና ወዴት እንዳዞረ ሲጠየቅም መልስ ስለሌለው፤ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፤ አጭር ርእስ

ይህ አዋጅ «አዋጅ ቁጥር 53/39» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። ከአዋጅ ቁጥር 47/67 ጋር እንዳይምታታ። ያኛው ትርፍ ቤት ወርሷል፤ ይህኛው የሚወርሰው ካቻቪቴ ብቻ ነው። ባለ 50 እና ባለ 34 ጥርስ ወገኖቻችንም፣ ጥርሳቸው ከእኛ ቢያንስም፣ በዚሁ ይተዳደራሉ።

አንቀጽ 2፤ የተፈጻሚነት ወሰን

አዋጁ ከፊት ሁለት ጥርስ ባለው፣ በካቮ በሚጎተት የኮርስ ብስክሌት ላይ ሁሉ ተፈጻሚ ይሆናል። በባትሪ የሚሠሩት ካቴናው ከኋላ የትኛው ጥርስ ላይ እንዳለ እያወቁ ራሳቸውን የሚያስተካክሉ በመሆናቸው በሌላ መንግሥት ሥር ናቸው፤ ቻርጅ ሲያልቅባቸው ግን ወደ እኛ እንዳይመጡ። መካኒክ ያንብብልኝ እንዳትል፤ ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን መካኒክ የጫነ መኪና ይከተለው ነበር። አንተን የሚከተልህ ሚኒባስ ነው። ስለዚህ አዋጁን ራስህ አንብበው።

አንቀጽ 3፤ የሁለቱ ብሎኖች ሥልጣን

ኤል እና ኤች የሚል ፊደል ያረፈባቸው ሁለቱ ብሎኖች ድንበር ጠባቂዎች ናቸው። ኤል መቀየሪያው ወደ ፍሬሙ እስከ የት እንደሚጠጋ፣ ኤች ወደ ውጭ እስከ የት እንደሚሄድ ይወስናሉ፤ ሁለቱም ሲጠብቁ ግዛቱ ይጠባል፣ ሲላሉ ይሰፋል። ከዚህ ያለፈ ሥልጣን የላቸውም። ካቴና አይጎትቱም፣ አያወጡም፣ አያወርዱም። የሚጎትተው ካቮው ነው።

ይህ በግልጽ እየታወቀ፣ ካቴናው ወደ እኛ አልወጣም ባለ ቁጥር ኤች ይጠራና «ላላ» ይባላል። ካቴናው አሁንም አይወጣም። ኤች አሁንም ይላላል። የላላው ካቮ ግን የጠየቀው የለም፤ ተጋድሞ ያያል። ኋላ ካቮው በሆነ አጋጣሚ ሲወጠር ድንበሩ ወለል ብሎ ስለሚጠብቀው ካቴናው በላያችን አልፎ ይወጣል፤ ያኔ «ይህ መቀየሪያ ዕቃ አይደለም» ተብሎ አዲስ ይገዛል። (አርቃቂው እዚህ ላይ በቃለ ጉባኤ እንዲያዝለት የጠየቀው ነገር አለ፤ ጥፋተኛውን ትቶ ለእጅ የቀረበውን መቅጣት ከብስክሌት ውጭም ይታያል። ተይዞለታል።)

አንቀጽ 4፤ ቅደም ተከተል

ማንኛውም አስተካካይ ሌላ ከመንካቱ በፊት ካቮውን የጨበጠውን ብሎን ፈትቶ ካቮውን ይለቃል። ካቮው ተወጥሮ ሳለ ኤልን ማስተካከል ተከራዩ ከነዕቃው ተቀምጦ ሳለ ቤት እንደ መለካት ነው።

ከዚያም ከፍታውን ያያል። መቀየሪያውን በጣቱ ወደ ውጭ ገፍቶ በላያችን ሲያደርሰው፣ የውጨኛው ብረት የታች ጠርዝ ከጥርሳችን ጫፍ ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ከፍ ብሎ መታየት አለበት። ከላይ ጎንበስ ብሎ ሲመለከትም ብረቱ ከእኛ ጋር ትይዩ ሆኖ ይገኝ፤ አፍንጫውን ወደ ውስጥም ወደ ውጭም አያዙር። ይህ ካልተሟላ ከዚህ በታች የተጻፈው ሁሉ ዋጋ የለውም። ሆኖም ይህን ለክቶ የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው፤ ምክንያቱም መቀየሪያውን ከፍሬሙ ጋር የያዘውን ብሎን ማላላት ድፍረት ይጠይቃል፤ ካቻቪቴ ማሽከርከር ግን ምንም አይጠይቅም።

ቀጥሎ ካቴናው ከፊት ታናሽ ወንድማችን ላይ፣ ከኋላ ደግሞ ትልቁ ጥርስ ላይ ይቀመጣል። በውስጠኛው ብረትና በካቴናው መካከል ግማሽ ሚሊ ሜትር የማይሞላ ብርሃን እስኪቀር ኤል ይዞራል። አዟዟሩ ሩብ ዙር ነው፤ ሩብ ዙር፣ ፔዳሉን ማሽከርከር፣ ማየት፤ ደግሞ ሩብ ዙር። «አንድ ጊዜ ጥምዝዝ ላድርገው» ያለ ሰው በአንቀጽ 8 ይዳኛል።

አሁን ካቮው ወደ ሥራው ይመለሳል። ማንሻው እስከ ታች መውረዱ ይረጋገጥ፤ ካቮው መንገድ ላይ ያለችው ማስተካከያ በርሜል ጥግ ድረስ ገብታ ጥቂት ትመለስ፤ ካቮው በፒንሳ ተስቦ ይታሰር። አሳሳቡ ካቮው እንዳይረግብ የሚያደርግ ነው እንጂ መቀየሪያውን ከቦታው የሚያነቃንቅ አይደለም። ካቴናው ወደ እኛ ለመውጣት አሁንም ቢያቅማማ፣ ኤች ሳይሆን በርሜሏ ትነካለች። በርሜሏ በተፈታች ቁጥር ካቮው የሚወጠር መሆኑን ሕዝብ ይወቀው፤ እየፈቱ ማጥበቅ የተፈቀደው ለእሷ ብቻ ነው።

ኤች የሚጠራው በመጨረሻ ነው። ካቴናው እኛ ላይና ከኋላ ትንሹ ጥርስ ላይ ሆኖ፣ በውጨኛው ብረትና በካቴናው መካከል እንደ ቀድሞው ያለች ጭላንጭል ትተውለት ይሰናበቱታል።

አንቀጽ 5፤ ስለ ጽንፈኝነት

ከፊት እኛን፣ ከኋላ ደግሞ ትልቁን ጥርስ በአንድ ጊዜ የያዘ ካቴና ጽንፈኛ ነው። ታናሽ ወንድማችንን ከኋላው ትንሽ ጥርስ ጋር ያጋባም እንዲሁ። ካቴናው ተጣሞ ስለሚሮጥ ይጮኻል፣ ይፋተጋል፣ ቶሎ ያልቃል፤ ጩኸቱም በመቀየሪያው ላይ ማስረጃ ሆኖ አይቀርብም። በመካከል ላይ ለሚሰማ መለስተኛ መፋተግ ግን የግራ እጅ ማንሻው ግማሽ እርምጃ ተሰጥቶታል፤ በቀስታ «ቀጭ» ሲያደርጉት መቀየሪያው ካቴናውን ሳይለውጥ ፈቀቅ ይላል። ይህን ሳያውቁ ለዓመታት የነዱ ዜጎች ምሕረት ተደርጎላቸዋል።

አንቀጽ 6፤ ስለ ወለቀ ካቴና

ካቴና መውለቅ ተራ ነገር ነው የሚል ካለ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 19 ቀን 2010 በቱር ደ ፍራንስ ፖርት ዴ ባሌስ የተባለው ተራራ ላይ የሆነውን ይመልከት። የመሪነቱን ቢጫ ማሊያ የለበሰው አንዲ ሽሌክ ለማጥቃት ፔዳሉን ሲረግጥ ካቴናው ወለቀበት። አልቤርቶ ኮንታዶር አልፎት ሄደ፤ በዚያ ቀን 39 ሰከንድ በልጦት ማሊያውን ወሰደ። ፓሪስ ሲደርሱ በመካከላቸው የነበረው ልዩነትም ያው 39 ሰከንድ ነበር። ኮንታዶር በኋላ በአበረታች መድኃኒት ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ2012 ድሉን ተነጠቀ፤ ድሉም ለሽሌክ ተሰጠ። በፍርድ ቤት የሚደርስ ማሊያ ግን በጎዳና ላይ አይለበስም። ታናሽ ወንድማችን በቁጥሩ መመሳሰል የተነሣ የቀረበበትን ጥርጣሬ አስተባብሏል።

አንቀጽ 7፤ የተሻሩ ሕጎች

የቱር ደ ፍራንስ አዘጋጆች ለፕሮፌሽናል ተወዳዳሪዎች ማርሽ መቀየሪያ የፈቀዱት እ.ኤ.አ. በ1937 ነው። ከዚያ በፊት ተወዳዳሪው ዳገት ሥር ወርዶ የኋላ ጎማውን ፈትቶ፣ አዙሮ ይገጥም ነበር። ያ ክልከላ የተሻረ ቢሆንም፣ ዳገት መሃል ደርሶ በሙሉ ጉልበቱ እየረገጠ ማርሽ የሚቀይር ሰው ወደዚያው ዘመን ይመለሳል። ከመቀየር በፊት እግር ለአፍታ ይለዝብ።

አንቀጽ 8፤ ቅጣት

ካቮ ሳይለቅ ብሎን ያዞረ ወይም ከሩብ ዙር በላይ በአንዴ የጠመዘዘ፣ ካቻቪቴው ተወርሶ ብሩጎላ ብቻ ይሰጠዋል። ደጋግሞ ያጠፋ የጓደኛውን ብስክሌት እንዳይነካ ይታገዳል፤ ይህ ዓይነቱ አጥፊ ዘወትር መርዳት የሚወድ ነውና።

አንቀጽ 9፤ አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ ካቮው ተስቦ ከታሰረበት ሰዓት ጀምሮ የጸና ይሆናል። አዲስ ካቮ ጥቂት ከተነዳ በኋላ ስለሚላላ አዋጁም አብሮት ይላላል፤ በርሜሏን ግማሽ ዙር በመፍታት ይታደሳል።