በጸደቀው ላይ ውይይት

ሰፈራችን መሃል አንዲት ባዶ ቦታ አለች። ባዶ የምትባለው በመዝገብ ላይ ነው እንጂ እኛ ዘንድ ባዶ ሆና አታውቅም። ጠዋት ልጆች ኳስ ይጠልዙባታል፤ ፀሐይ በረድ ሳይል በርበሬ ይሰጣባታል፤ ሰው ሲሞት የእድሩ ድንኳን ይተከልባታል፤ ሰው ሲያገባም ያው ድንኳን ይተከልባታል። በዓል ሲደርስ በግ ይታሰርባታል፤ መስከረም 16 ማታ ደመራ ይለኮስባታል። ከታክሲ ማቆሚያው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚያደርሰው አቋራጭም እሷኑ ሰንጥቆ ነው የሚያልፈው።

አምና ታዲያ ይህች ቦታ መናፈሻ ልትሆን ነው ተባለ። ማስታወቂያው በየምሰሶው ተለጠፈ፦ «በጸደቀው የመናፈሻ ዲዛይን ላይ ለመወያየት እሑድ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እንድትገኙ።» የእድራችን ጸሐፊ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ ዝቅ አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡትና፣

«ከጸደቀ ምኑን ነው የምንወያየው?» አሉ።

«እንድናውቀው ይሆናላ ጋሼ።»

«ለማወቅማ ሬዲዮ አለ።»

ሰፈራችን ስብሰባ ብርቁ አይደለም። በ1967 የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ወርሶ ነዋሪውን በማኅበር ካደራጀ ወዲህ፣ መንግሥት ይቀየራል እንጂ ስብሰባ ተቋርጦ አያውቅም። ሥርዓቱን ሕፃን ሳይቀር ያውቀዋል። መጀመሪያ አቴንዳንስ ይፈረማል፤ ቀጥሎ የታሸገ ውሃ ይታደላል፤ ቀጥሎ «ሰዓት ስለሌለን አጠር አጠር አድርጉት» ይባላል፤ ከዚያ አንዱ ተነሥቶ «እኔ ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው» ይልና ሃያ ደቂቃ ይናገራል።

ዲዛይኑን ያመጣው ኢንጂነር ትሑት ወጣት ነው። ሥዕሉን ግድግዳ ላይ ለጠፈው። መቼም ሥዕሉ ያምራል። ውስጡ ያሉት ሰዎች ሁሉ ረጃጅም ናቸው፤ አንዱ ውሻ ይጎትታል፣ አንዷ በሮለር ትንሸራተታለች፣ አንዱ ሣር ላይ ተንጋሎ መጽሐፍ ያነባል። ከኋላዬ የተቀመጡ እናት ወደ ጎረቤታቸው ጠጋ ብለው፣ «ይኼ የተጋደመው የማን ልጅ ነው?» ሲሉ ሰማኋቸው።

የመጀመሪያው ጥያቄ ትኬት አለው ወይ የሚል ነበር። አይፈረድብንም። አንድነት ፓርክ በ2012፣ እንጦጦ ፓርክ በ2013 ከተከፈቱ ወዲህ ለእኛ ፓርክ ማለት አጥርና ትኬት ቆራጭ ያለበት ቦታ ነው። ኢንጂነሩ ትኬት እንደሌለው ሲናገር ተጨበጨበ። ጭብጨባው ሳይበርድ ግን የእድሩ ጸሐፊ ተነሡ።

«መሃል ላይ ያለው ክብ ነገር ምንድን ነው?»

«ፏፏቴ ነው።»

«እዚያ ላይ እኮ ደመራ ነው የምናቆመው።»

ልጁ ማስታወሻው ላይ «ደመራ» ብሎ ጻፈና ከሥሩ አሰመረበት። ጸሐፊው ግን አልተቀመጡም። «ድንኳንስ? ይኼ ሁሉ ወለል ሲሚንቶ ከሆነ ካስማው የት ይገባል?» «ድንኳን» ተብሎ ተጻፈ። «በርበሬስ?» አለች አንዷ ከወደ በሩ። እሱም ተጻፈ። ኢንጂነሩ ሥዕሉን ቀና ብሎ ሲያየው፣ ባለ ውሻውና ባለ ሮለሯ በአንድ ጊዜ የሰፈሩ እንግዳ ሆነውበት ነበር።

የዛፉ ነገር ሲነሣ ጉባኤው ነፍስ ዘራ። ጡረተኛው መምህር ኮሶ ይተከል አሉ፤ አገር በቀል ነው፣ ያምራል፣ አበባው ለሆድ ትል ስንቱን አድኗል። አንዱ «ጥሬ ሥጋ የበላ ሁሉ እኛ ጋ ሊሰለፍ ነው» ብሎ አከሸፈባቸው። ሌላው ባሕር ዛፍ ቶሎ ያድጋል ሲል ደግሞ መምህሩ ቱግ አሉ፦ «ባሕር ዛፍ በምኒልክ ጊዜ ከአውስትራሊያ የመጣው ለከተማው ማገዶ ስለጠፋ ነው፤ አንተ ዛሬ ማገዶ ቸገረህ?» ጽድ ይሁን ሲባል የሰፈሩ አንጋፋ አባባ፣ «ጽድ እስኪደርስ እኔ ጥላ የማልፈልግበት ቦታ እሄዳለሁ» አሉ። አቮካዶ ያለም ነበር። እሱን የገደለው መናፈሻው አፋፍ ላይ ቤት ያለው ሰውዬ ነው፤ ልጆቹ ለፍሬው የሚወረውሩት ድንጋይ በማን መስኮት እንደሚገባ ይነገረኝ ሲል ጠየቀ። መልስ አልተገኘም።

ስለ መብራትም እናቶች ብዙ ይሁን አሉ። ወጣቶቹ ግን፣ እስከዚያ ድረስ ትንፍሽ ያላሉት፣ በአንድ ድምፅ የአገር ኃይል መቆጠብ አለበት ብለው ተከራከሩ። እንዲህ ያለ ኃላፊነት የሚሰማው ትውልድ አይቼ አላውቅም።

እኔም አላርፍ አልኩ። ዊልያም ዋይት የሚባል አሜሪካዊ የኒውዮርክን አደባባዮች በካሜራ ሲከታተል ከርሞ እ.ኤ.አ. በ1980 መጽሐፍ አውጥቷል፤ ሰው የሚቀመጠው መቀመጫ ባለበት ነው ይላል (ይኼን ለማወቅ ካሜራ ባያስፈልግም)፤ ደግሞ ወንበሩ ተንቀሳቃሽ ከሆነ ሳይቀመጥ በፊት ትንሽ ፈቀቅ ማድረግ ይወዳል። ይህን ተናግሬ «ተንቀሳቃሽ ወንበር ብናደርግስ?» አልኩ። የእድሩ ንብረት ያዥ በሐዘኔታ አዩኝ።

«የእድሩ ወንበር ቁጥር ተጽፎበት፣ ተቆልፎበት፣ ቅጣት ተጥሎበት ይጎድላል። ያንተ ወንበር የሚንቀሳቀሰው አንድ ሌሊት ነው።»

ተቀመጥኩ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ቆሎ የሚሸጡት እማማ እጃቸውን ያወጡት። ሥዕሉ ላይ ያለውን የእግረኛ መንገድ፣ እንደ እባብ ተጠማዞ ፏፏቴውን ሁለት ጊዜ የሚዞረውን፣ በጃንጥላቸው ጫፍ አሳዩና፣

«ልጄ፣ ይኼ መንገድ የሚሄደው ወዴት ነው?»

«ለሽርሽር ነው እማማ። ቀስ ብሎ እያዩ እንዲሄዱበት።»

«ሰው ከታክሲ ሲወርድ በቀጥታ ነው የሚያቋርጠው። ይኼ ያንተ የሰከረ ሰው መንገድ ነው።»

አዳራሹ ፈነዳ። ልጁም ሳቀ፤ ይህን ግን አልጻፈውም።

በመጨረሻ ሰባት ሰው ያለበት ኮሚቴ ተመረጠ። እኔ የገባሁት እስክሪብቶ ስለያዝኩ ነው። ሼሪ አርንስታይን የተባለች ሌላ አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1969 የነዋሪን ተሳትፎ በስምንት ደረጃ መሰላል መስላዋለች፤ ታችኛው ደረጃ ነዋሪውን ማታለል፣ ላይኛው ሥልጣኑን ለነዋሪው መልቀቅ ነው። መሃል ላይ ማሳወቅ አለ፣ ማማከር አለ፣ ማባበያም አለ። ያን እሑድ የትኛው ላይ እንደቆምን ሳሰላ፣ የታሸገው ውሃ ለየትኛው ደረጃ እንደሚያዝ ቸገረኝ። መዋጮ የሚል ቃል ሲነሣ ግን ግማሹ ሰው በገዛ ሥልጣኑ መሰላሉን ጥሎ ወደ ቤቱ ሄደ።

እኔም ነገሩ እዚያው የቀረ መስሎኝ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ ወደ 11 ሰዓት ላይ፣ ከሥራ ስመለስ ኢንጂነሩን እማማ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ሰው እየቆጠረ ነው። ቦታዋን ላቋረጠ ሰው ሁሉ ከግራ ኪሱ አንዲት ፍሬ ቆሎ አውጥቶ ቀኝ ኪሱ ይከታል። ችግሩ፣ ወሬ ሲሞቅ ቆጠራውን ይበላዋል።

«ስንት ደረሰ?» አልኩት።

«ሁለት መቶ ምናምን።»

«የበላውን ሳይጨምር ነው» አሉ እማማ።

ማክሰኞን፣ ሐሙስን፣ እሑድንም ከቅዳሴ መውጫ ላይ እንዲሁ ሲቆጥርና ሲቆረጥም ሰነበተ። አዲሱ ሥዕል ሲመጣ መንገዱ ቀጥ ብሏል። ፏፏቴው ከመሃል ተነሥቶ ወደ ጥግ ሸሽቷል፤ ሲሚንቶው ላይ ለድንኳን ገመድ የብረት ቀለበቶች ተቀብረዋል። ባለ ውሻው ሰውዬ ግን አሁንም አለ። እሱን ማን እንዳስቀረው አላውቅም፤ ቃለ ጉባኤው ላይ የለም።

ሥራው በክረምቱ አለቀ። ዘንድሮ መስከረም 16 ማታ ደመራው በቦታው ቆመ፤ ችቦ ይዘን ዞርነው፤ ለኮስነው። ደመራ በወደቀበት አቅጣጫ የዓመቱን ነገር መተርጎም ያለ ነውና ሁላችንም አንገታችንን አስግገን ስንጠብቅ፣ ምሰሶው ዘመም፣ ዘመም አለና ያን ሁሉ ባዶ ሜዳ ትቶ ወደ ፏፏቴው ወደቀ። እልልታው መሃል ላይ ተቋረጠ።

«ውሃ ላይ ነው የወደቀው፤ ዝናቡ ጥሩ ነው ማለት ነው» አሉ ጡረተኛው መምህር።

«የምን ውሃ?» አሉ አባባ። «የዛሬ ፈረቃ የኛ አይደለም። ገንዳው ደረቅ ነው።»

ዝም ተባለ። ደረቅ ፏፏቴ ላይ ለወደቀ ደመራ ትርጉም ያለው ሰው አልነበረም። እማማ ቆሏቸውን እየሰፈሩ፣ «ሲጀመርም እሑድ ነግረነው ነበር» አሉ። የእድሩ ጸሐፊ ደግሞ ወደ እኔ ዞር ብለው፣ «እስክሪብቶ ይዘሃል?» አሉኝ።